ፍሬ ያጣው የኑግ ማሳ

አንድ ገበሬ ነበረ። «አባ፣ እነዚህ ነፍሳት ሰውን ከመንደፍና እህል ከማበላሸት በቀር ለምን ተፈጠሩ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ ልጄ፣ የእሱን ነገር ልንገርህ።

ገበሬው ሀብታም ነበር። ከእርሻው ሁሉ የሚኮራበት የኑግ ማሳው ነው። መስከረም ጠብቶ ኑጉ ቢጫ ሲለብስ ዳር ቆሞ ማየት ይወዳል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ ቢመለከት አበባው ላይ የማይርመሰመስ ነገር የለም፤ ጥንዚዛው፣ ዝንቡ፣ ቢራቢሮው፣ ንቡ። ትልም ቅጠሉን ሲበላ አየ። «እኔ በለፋሁ ይሄ ሁሉ ሊጠግብበት!» አለና ገበያ ወርዶ መድኃኒት ገዛ። ሻጩ «አበባ ላይ እያለ አይረጭም፤ ንብ ይፈጃል» ብሎት ነበር። ሰማ፤ ግን ቸኩሏል። በጠራራ ፀሐይ መርጫውን አዝሎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨው።

ከማሳው ግርጌ አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ሀብቷ ሰባት የንብ ቀፎ ነው። በሦስተኛው ቀን የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ መጣችና ደጁ ላይ ፈታችው፤ እፍኝ ሙሉ የሞተ ንብ ነበረበት።

«ልጄ፣ አንተ ብዙ ታውቃለህ። ምን ፈጀብኝ?»

ገበሬው አንድ ጊዜ አየና ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ። «ውርጭ ነው፣ እማ» አላት። «ውርጭ ነው የሚሆነው።»

መርቃው ሄደች።

ኅዳር ደርሶ ኑጉ ታጭዶ ሲወቃ ገለባ ብቻ ሆነ። ያን ያህል አበባ ምን እንደበላው ገበሬው ጠፋው፤ ወይም እንዲጠፋው ፈለገ። በራስ ከመፍረድ በሰው መፍረድ ይቀላልና «ባልቴቷ ንቦቿ ቢያልቁባት ቀንታ ማሳዬን ረገመችብኝ» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኑጉን ራስ መዳፋቸው ላይ አሽተው እፍ ቢሉት ምንም አልቀረም። ወደ ባልቴቷ ዞሩ።

«ንብ ያልነካው ኑግ ፍሬ አይዝም። አበባ እያለ ንብ ያርፍበት ነበር?»

«ከየት መጥቶ? ንቦቼን ውርጭ ፈጃቸው።»

«በመስከረም ምን ውርጭ አለ? ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ» አለች፣ ወደ ገበሬው እያመለከተች። «እሱ አይዋሸኝም።»

ገበሬው ስድብ ጠብቆ ነበር፤ እርግማንም ቢሆን ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለም። ፊቱ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ተነሥቶ ቆመ።

«ውርጭ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አበባው ላይ መርዝ ረጨሁ። እንደሚፈጃቸው ተነግሮኝ ነበር።»

ባልቴቷ ወደ እሱ ዞረች። ቀጥላም «ምነው ብትነግረኝ ኖሮ፣ ልጄ?» አለች። «ጥቂት ቀን ወንድሜ ዘንድ አሽሽቻቸው መርዙ ሲለቅ እመልሳቸው ነበር። ያንተም ኑግ አይመክንም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ቅጣት ሳይበይኑ ተበተኑ። ገበሬው «ምነው በቀጡኝ» አለ በልቡ። በማግሥቱ ቀፎ መሥራት ጀመረ፤ ሰባቱንም በእበት ለቅልቆ ከደጇ ዛፍ ላይ ሰቀለላት። ንብ ግን እንደ በሬ ተነድቶ አይመጣም። ሁለት ዓመት ቀፎው ባዶውን ተሰቀለ፤ ገበሬውም በደጇ ላለማለፍ ወደ ወፍጮ በገደሉ በኩል እየዞረ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት አንድ መንጋ ገባ። ባልቴቷ ልካ አስጠራችው። ከዛፉ ሥር ቆሞ የንቦቹን ድምፅ ሰማ፤ ቀና ብሎ የእሷን ፊት ማየት ግን አልቻለም።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ለምን ተፈጠሩ አልከኝ። ያ ገበሬ ነፍሳቱ ከገበታው የሚሻሙት መስሎት ነበር፤ ገበታውን የሚዘረጉለት እነሱ ነበሩ። እኔና አንተም እንደ እሱ ነን፤ የሚያበላንን የምናውቀው ካጣነው በኋላ ነው። አንተስ ደግ አደረግህ፤ ሳትፈጅ ጠየቅህ። «መድኃኒቱ ለትሉ ነው» ትለኝ ይሆናል። መድኃኒቱ ትሉን ከንቡ አይለይም። መለየት ያለብህ አንተ ነህ።