የአያ ደምሌ ጠባብ ዳስ

«ተረት ተረት!»
«ንገሪን ከመሠረት!»

በድሮ ዘመን አያ ደምሌ የሚባል ገበሬ ነበር። ደግ ነው፤ ግን ሲበዛ ግትር ነው። ከጎረቤቱ ከአያ ስንሻው ጋር በአንዲት ጥጃ ተኳርፏል። የስንሻው ጥጃ የደምሌን ጎመን በላች፤ በቃ፣ ጠቡ ይኸው ነው። አትሳቁ! እናንተም ከዚህ ባነሰ ትኳረፋላችሁ።

ከዚያም አያ ደምሌ ልጁን የሻረግን ሊድር ሆነና ዳስ መጣል ጀመረ። አገሩ ለሠርግ ሁሉ የሚዋዋሳቸው አራት እኩል የጥድ ግንዶች ነበሩ። ግንዶቹን ጫፍ ለጫፍ በአራት ጥግ አጋጥሞ አሰረና ቢያያቸው፣ አንዷ ጥግ የስንሻውን አጥር አልፋ ልትገባ ሆነ።

፦ ስንሻውን ቦታ ልለምን? ሞቼ ነው! አለ።

ጥጓን በትከሻው ወደ ውስጥ ገፋት። ዳሱም ግራና ቀኝ ተለጠጠና አጥሩን ሳይነካ ቀረ። ደስ አለው። በዚያው ምሰሶውን ተከለ፣ ቅጠሉን አለበሰ።

የሠርጉ ዕለት መንደሩ ገብቶ ተቀመጠ። ዳሱ ጢም አለ። የሙሽራው ወገን ደግሞ ገና አልመጣም!

አያ ደምሌ ግራ ገባው። በእነዚሁ ግንዶች በተጣለ ዳስ አምና ይኸው መንደር ከነአማቾቹ ተቀምጦ መጨፈሪያ ተርፎ ነበር። ዱላውን አነሳና ግንዶቹን አንድ በአንድ ለካ። ያው ናቸው። እንደገና ለካ። ያው ናቸው። ሰዉን አየ። ያው ነው። ምናልባት ሰዉ ወፍሮ ይሆን ብሎ የቄሱን ሆድ አፍጥጦ ሲያይ፣ ቄሱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

፦ ግንድ የሚሰርቅ ሌባ አውቃለሁ፤ ቦታ የሚሰርቅ ሌባ ግን አይቼ አላውቅም! አለ።

ከማዶ የአጃቢዎቹ ዘፈን ተሰማ። ቆመው ከቀሩ «ንቀውን ነው» ብለው ይመለሳሉ። የሻረግ ጓዳ ሆና ታለቅሳለች። አባቷ ላቡ ጠብ እያለ አሁንም ግንድ ይለካል። ምስኪን!

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ጠፍር ይዛ መጣችና በሰዉ አናት ላይ ከአንዱ ጥግ እስከ ፊት ለፊቱ ጥግ ወጠረችው። ከዚያም በቀሩት ሁለት ጥጎች መካከል ሌላ ጠፍር አቋርጣ ወጠረች። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነ።

፦ በደንብ ሲጣል እኮ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አለችው።

፦ ግንዱ ያው አይደለም እንዴ?

፦ ግንዱ ዳር ዳሩን ነው። ሰው የሚቀመጠው መሃል ነው። ይኸ ረጅሙ ቁመት ይሁን፤ ይኸ አጭሩ ወርድ ይሁን። በዚህ ቁመትና ወርድ መሬት ቢያሰምሩ፣ ዳስዎ የዚያ መሬት እኩሌታ ነው።

፦ እኩሌታው የት ሄደ?

፦ ከዳሱ ውጪ፣ በመሬቱ አራት ጥጎች ቀረ።

፦ አልገባኝም።

አልገባውም! እናንተስ ገባችሁ? ማንጠግቦሽም ትዕግሥቷ አለቀና፦

፦ አጭሩ ጠፍር ባጠረ ቁጥር ዳሱ ይጠባል! ያቺን ጥግ እስከ መጨረሻው ቢገፏት አራቱም ግንዶች ይኖሩዎታል፤ ዳስ ግን አይኖርዎትም! አለችው።

አያ ደምሌ ጥጓን አየ። አጥሩን አየ። ዘፈኑ ደጅ ደርሷል። ወደ አጥሩ ሄደና ተጣራ።

፦ ስንሻው!

፦ ምነው? ጥጃዬ ገባችብህ?

፦ የለም። እኔ ልገባብህ ነው። ልጄ ልታፍርብኝ ነው፣ ወንድሜ።

ስንሻው አጥሩን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር።

መንደሩም ተነሳና ምሰሶውን ነቅሎ ጥጓን ወደ ውጪ ሳበ። ሁለቱ ጠፍሮች እኩል ሆኑ። ሙሽራው ገባ፣ አጃቢው ገባ፣ ሁሉም ተቀመጠ። ከአጥሩ ወዲያ በገባችው ጥግ ስንሻው ራሱ ተቀመጠ።

አያ ደምሌ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠላ ለስንሻው ሰጠና ከጎኑ አረፍ አለ። ቆየና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፦

፦ ግን እኮ ስንሻው፣ ግንዱ ያው ነው! አለው።

፦ እኔም አልገባኝም። ይልቅ ጠጣ! አለው ስንሻው።

እኔ ከሆዴ ያለውን አወጣሁ፤ እናንተ ደግሞ ከሌማቱ አውጡልኝ።