የፍልውሃው ቤት ተረኛ

ፊታውራሪ ወንድይራድ ፍልውሃው አጠገብ ቤት ሠሩና ለአገሬው ሳምንት ሳምንቱን እያካፈሉ በግድ ሸጡለት። ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል፤ ሄደም ቀረም ለፊታውራሪው በየዓመቱ ማርና ቅቤ ያገባል። ለአንድ አፈኛ ሽማግሌ የደረሰው የአጨዳ ሳምንት ነበር። እህል ማሳ ላይ ጥሎ ማን ፍልውሃ ይዘፈዘፋል? ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ደግሞ ፊታውራሪው ከነእንግዶቻቸው ይዘውታል።

ሽማግሌው ግቢያቸው ሄዶ እጅ ነሣና፣ “ጌታዬ፣ ተራው ለእኔ ይቅርብኝ” አለ።

ፊታውራሪው ሣቁ። “ውል እኮ ነው! አይፈርስም። ብትሞት ልጅህ ይወርሰዋል። ደግሞስ ምን አጎደልንብህ? በሳምንትህ ልክ እንደ ቤትህ ነው፤ እኔ እንኳ ሳላስፈቅድ አልገባም።”

“እንደ ቤቴ?”

“እንደ ቤትህ!” አሉ፣ አሽከሮቻቸው እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

“እንግዲያስ ደግ ነው። አርጅቻለሁ፤ ሕመሙም ጠንቶብኛል። ዘንድሮ እዚያው ሄጄ እሞታለሁ። ዘመዶቼም እዚያው ሐዘን ይቀመጣሉ። ለቀስተኛው ከየአገሩ ገና እየመጣ ሳለ የጌታዬ ሳምንት ይገባል። ያን ጊዜ እንግዲህ ወይ ሐዘንተኛውን ‘ተነሥ፣ ተራዬ ነው’ ይሉታል፣ ወይ ከነእንግዶችዎ ቁጭ ብለው ያለቅሱልኛል።”

ፊታውራሪው ሣቃቸውን ትተው፣ “ከዛሬ ጀምሮ ከውሉ ወጥተሃል፤ ልጆችህም ጭምር” አሉት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመ።

“እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ዕድሜዬን አራዘሙልኝ።”