የጅምር ግንብ የቁም ሙሾ

ከደጋው አፋፍ ላይ፣ ቁልቁል ወንዙን በሚያሳየው ሜዳ ዳር፣ ጅምር ግንብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ሹም የሆነ ሰው ሕዝቡን በድሎ አቤቱታ አልሰማ ሲል ድንጋይ የሚያነሳበት የለም። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጁ ፊት ይቀመጡና፣ በሕይወት ያለውን ሰውዬ እንደ ሞተ ቆጥረው ሙሾ ያወርዱለታል። ይህንንም የቁም ሙሾ ይሉታል።

ልማዱ የተጀመረው፣ እንደሚነገረው፣ ቀኛዝማች አጥናፍ የሚባል ሹም አገሩን ይገዛ በነበረበት ዘመን ነው። ዘመኑን ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎቹም «አያቶቻችን ከአያቶቻቸው የሰሙት ነው» ብለው ያልፉታል። ቀኛዝማቹ ከኮረብታው ጫፍ ላይ በግንብ የተከበበ ቤት ማሠራት አማረውና ገበሬውን ሁሉ በየተራ እየጠራ ድንጋይ ያስፈልጠው፣ አቀበቱንም እያሸከመ ያስወጣው ጀመር። የገበሬው የዘር ወቅት ቢያልፍበት፣ አዝመራው ሜዳ ላይ ቢረግፍበት ግድ አልነበረውም። በዚህ መካከል ታረቀኝ የሚባል፣ ገና ትዳር የያዘ ሰው፣ ከግንቡ ሥር ጭቃ ሲያቀብል ድንጋይ ተንዶበት ሞተ።

የአገሩ ሰው ለሟች ሜዳ ወጥቶ ያለቅሳል። ሙያዋ ሙሾ ማውረድ የሆነች አልቃሽ ግጥሙን ትሰጣለች፣ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ይቀበላታል፤ ሟቹ ማን እንደነበረ፣ እንዴትም እንደሞተ በሙሾው ይነገራል። ቀኛዝማቹ የፈራው ይህንኑ ነበር ይባላል። ሰው ለቅሶ ሲውል ሥራው መቆሙ ብቻ ሳይሆን፣ የታረቀኝ አሟሟት በግጥም ተቋጥሮ አገር ላገር እንደሚዞር ስላወቀ፣ ነጋሪት አስመትቶ «ግንቡ እስኪያልቅ ድረስ ለሞተ ሰው ሙሾ ያወረደ ጀርባው ይገረፋል» ብሎ አወጀ። ታረቀኝን የቀበሩት ሰዎችም የእጃቸውን አፈር ሳያራግፉ ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።

የታረቀኝ እናት ወለላ ትባል ነበር። ከሐዘኗ ይልቅ ሐዘኗን መዋጥ ገደላትና አንድ ቀን ማለዳ ተነስታ ወደ አልቃሿ ወደ እንጉዳይ ቤት ሄደች። እንጉዳይ ድምፀ ጎርናና፣ ሰው ፊት የማታጎነብስ ሴት ነበረች። ሀብታም ሲሞት ንፉግ ከነበረ ንፉግነቱን ሳትናገር አትመለስም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ሰዎች በቁማቸውም ይፈሯት ነበር ይላሉ።

«ልጄን እንደ ውሻ ቀበሩብኝ፣ እንጉዳይ» አለቻት ወለላ። «አንዲት ስንኝ እንኳ ሳይባልለት አፈር ገባ።»

«ሰምቻለሁ፣ እህቴ።»

«ከፈራሽ አልቀየምሽም። የሚገረፈው ያንቺ ጀርባ ነው።»

እንጉዳይ «አዋጁ ምን ነበር ያለው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለሞተ ሰው ሙሾ አይወረድም ነው ያለው።»

«ለሞተ ሰው» ብላ ደገመችው። «እንግዲያው እኛ ለሞተ ሰው አናለቅስም። ቅዳሜ ከልሽን ለብሰሽ ገበያው ላይ ጠብቂኝ።»

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ እንጉዳይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ባለቤት እንደሞተበት ፈረስ ኮርቻው ባዶ የሆነ አንድ ፈረስ እያስጎተተች ከመካከል ቆመች። ከጎኗ ወለላ አለች። ገበያተኛው እህሉንም ሞሰቡንም ትቶ ሲከባቸው፣ እንጉዳይ ድምፅዋን ለቀቀችው፤

«አልቅሱ ለጌታው፣ ደረት ምቱለት፣
ልቡ ሞቶ ሳለ፣ እግሩ ለቆመለት።

ድንጋይ ሲያስቆልል፣ ግንብ ሲያሠራ ኖሮ፣
መቃብሩን ሠራ፣ በሰው ልጅ ጉሮሮ።»

መጀመሪያ የተቀበሏት ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወንዶቹ ገቡበት፣ ከዚያም ከኮረብታው ላይ ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች ሙሾውን ሰምተው ሸክማቸውን እዚያው መንገዱ ላይ እየጣሉ ወረዱ። የቀኛዝማቹ ዘበኞች አለቃ ጅራፉን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አዋጁን አልሰማሽም? ማን ሞቶ ነው የምታለቅሽው?»

«ቀኛዝማች አጥናፍ ናቸዋ!» አለችው።

«አፍሽን ዝጊ! ጌታዬ ደህና ናቸው። አሁን ከቤት ትቻቸው መጣሁ።»

«አልሞቱም?»

«አልሞቱም!»

«እንግዲህ ለሞተ ሰው ካላለቀስኩ አዋጁን የቱ ላይ ነው የጣስኩት?»

ሰውየው ያነሳውን ጅራፍ ዝቅ አደረገ። እሱ ሲያመነታ ቀኛዝማቹ ራሱ በበቅሎ ደረሰ። እስከዚያን ቀን ድረስ ሲያልፍ የማይነሳለት፣ እጅ የማይነሳው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ማንም አልተነሳም፤ ማንም ወደ እሱ አላየም። ሲቆጣ የሚሰማ ሰው ጠፋ፤ በስም የጠራቸው ሽማግሌዎች እንኳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ደረታቸውን መምታት ቀጠሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ የበቅሎውን ልጓም ወደ ያዘው አሽከር ጠጋ ብለው «ጌታህን አጣህ፣ እግዜር ያጥናህ» አሉት።

ቀኛዝማቹ እንጉዳይን እዚያው አስገረፋት። ጅራፉ ሲያርፍባት ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አላቋረጠችም፤ በመጨረሻ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ግን ሜዳው አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ፣ እንኳን በሕዝብ ፊት በጎረቤት መካከልም ድምፅዋ የማይሰማው ወለላ፣ ግጥሙን ተቀበለች፤

«ጀርባዋን ብትገርፉ፣ ዜማው መች ቆሰለ፣
የሷ አፍ ቢዘጋ፣ የእኛም አፍ አለ።»

ገበያው ሁሉ ተከተላት። ዘበኞቹ ማንን ገርፈው ማንን እንደሚተዉ ግራ ገባቸው፤ ጥቂቶቹም ጅራፋቸውን ጥለው የገዛ ደረታቸውን መቱ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ወደ ግንቡ የወጣ ሰው የለም። ገበያተኛውም ሙሾውን ይዞ ወደየአገሩ ስለተበተነ፣ የቀኛዝማች አጥናፍ መሞት በየመንደሩ ተወራ። ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ከቀኛዝማቹ እናት ከእመት አስካለ ጆሮ ደረሰ። እመት አስካለ ያረጁ ሴት ነበሩ፤ ፊታቸውን እየነጩ፣ በሰው ተደግፈው መንገዱን ሁሉ እያለቀሱ መጥተው ከልጃቸው ደጅ ሲደርሱ፣ ልጃቸው በእግሩ ቆሞ ተቀበላቸው። መጀመሪያ ተዝለፈለፉ፤ ነፍሳቸው ስትመለስ ግን የሆነውን ሁሉ ከአሽከሮቹ ጠይቀው ተረዱ።

«እኔ ልጄ ሞተ ብዬ እንደ ልቤ አለቀስኩ» አሉት። «ማንም አፌን አልያዘኝም። አንተ ያቺን ሴት የከለከልካት ይህን ነው?»

«እናቴ፣ የአገር አስተዳደር ነገር ነው፤ አይገባሽም» አላቸው።

እመት አስካለ የተነጨ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ እህልም ሳይቀምሱ ከቤቱ ወጥተው ወደ ወለላ ጎጆ ሄዱና ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠው ስለ ታረቀኝ ማልቀስ ጀመሩ። ቀኛዝማቹ የገዛ እናቱን ማስገረፍ አልቻለም። በማግስቱ ነጋሪቱ እንደገና ተመታ፣ አዋጁም ተሻረ፤ ታረቀኝም በሜዳው ላይ፣ አገር ተሰብስቦ፣ ስሙ እየተጠራና አሟሟቱ እየተነገረ ተለቀሰለት። እንጉዳይ በሰው ትከሻ ተደግፋ ሙሾውን አወረደችለት።

ቀኛዝማቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ግንቡን የሚቀጥልለት ሰው ግን አላገኘም። በእውነት የሞተ ቀን ቤተሰቦቹ ወደ እንጉዳይ በቅሎ ላኩላት። እሷም ከደጇ ሳትነሳ «እኔ አንድን ሰው ሁለቴ አላለቅስም፤ እሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ» ብላ በቅሎዋን ባዶዋን መለሰቻት ይባላል።

ግማሹ የቆመው ግንብ ዛሬም ኮረብታው ላይ አለ፤ ለከተማዋም ስም የሰጣት እሱ ነው። የቁም ሙሾው ግን አርጅቶ አልቀረም። በቅርብ ዓመታት ከሌላ አገር የመጣ አንድ አስተዳዳሪ የከተማዋን የግጦሽ ሜዳ ለወዳጆቹ ሊያከፋፍል ተነሳና፣ ሽማግሌ ቢላክበት እምቢ አለ። አንድ ቀን ጠዋት በመስኮቱ ሲመለከት የግቢው ደጃፍ ነጠላ ባዘቀዘቀ ሰው ተሞልቷል፣ ሴቶቹም ደረታቸውን ይመታሉ። አስተዳዳሪው ደንግጦ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነውን ጥበቃ ጠራና «ማን ሞቶ ነው?» አለው።

ጥበቃው ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ» አለው፤ ወጥቶም ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠ።