የላይኛው አለት ባዶ ቤቶች

አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አለት ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩ ባለቅርፊት ፍጥረታት ወገን የሆነች ዛጎሊት የምትባል ጨቅላ ነበረች። ቁመቷ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ወገኖቿ በጨቅላነታቸው በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ያድጉና፣ ጊዜው ሲደርስ አንድ ቦታ መርጠው በግንባራቸው ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ መነሣት የለም። ቦታ እስኪያገኙም ምግብ አይቀምሱም፤ የያዙት ስንቅ ካለቀ አለቀላቸው። ስለዚህ የቆየ ወግ አላቸው፦ አለቱን እየዳሰሱ፣ ቀድሞ ዘመድ የኖረበትን ቦታ ይፈልጋሉ።

ዛጎሊት ከመቶ እህቶቿ ጋር ዳርቻው በደረሰችበት ቀን፣ ባሕሩ ሞልቶ እስከ ላይኛው አለት ወጥቶ ነበር። እዚያ ቀበሮ ጅራቷን ሰብስባ ተቀምጣለች። አያ ጅቦም አጠገቧ ምራቁን ይውጣል።

«ልጆቼ፣ ወደ ታች ምን ያስኬዳችኋል?» አለች ቀበሮ። «ታች ቀንድ አውጣ አለ፤ ቅርፊታችሁን በስቶ ይበላችኋል። እዚህ ሰፊ ነው፣ የሚነካችሁም የለም።»

የቀንድ አውጣው ነገር እውነት ነበር። ውሸቷን ያሳመረላትም እሱ ነው።

«እመት ቀበሮ፣ እዚህ ከእኛ ወገን ማን ኖሮበት ያውቃል?» አለች ዛጎሊት። «ብዳስሰው ብዳስሰው የማንም ምልክት የለበትም።»

«አይ የአሮጊት ወግ! እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሁኑ እንጂ!» አለች ቀበሮ።

እህቶቿ ደክሟቸዋል፤ ስንቃቸውም ተሟጧል። «ደግ ሴት ናት» ተባብለው እዚያው ተጣበቁ። ዛጎሊት ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው አልሰሟትም። አቅሟ እየከዳት ብቻዋን ወረደችና፣ አንዲት አሮጊት ዘመዷ ከምትኖርበት ጠባብ ስንጥቅ ገብታ ግንባሯን አጣበቀች። ቀንድ አውጣው መጥቶ ነበር፤ ስንጥቁ ቢጠብበት ተመልሶ ሄደ።

ላይ ያሉት ቅርፊታቸው ጠንክሮ ሥጋ መያዝ ሲጀምሩ ሙቀቱ በረታ፤ ባሕሩም ሸሸ። ላይኛው አለት እንደ ምጣድ ጋለ። መቶ እህቶች የቅርፊታቸውን ደጅ ዘግተው ውኃ ቢጠብቁ፣ ውኃ የለም።

«ይኸው አያ ጅቦ፣ እግርህ ሳይረጥብ ብላ!» አለች ቀበሮ፣ ሥጋውን በጥፍሯ እየፈለቀቀች።

ጅቦ በስግብግብነት ቅርፊቱን ሲልስ ምላሱ ተተለተለ። «እመት ቀበሮ፣ ሥጋው ደም ደም ይላል!» አለ፣ የራሱን ደም እየዋጠ።

ዛጎሊት ከታች ሰማች። ንዴት አንገበገባት፤ አክብሮቱም ቀረ። «አንቺ! አራት እግር ይዘሽ፣ እግር ለሌላቸው መኖሪያ ትመርጫለሽ?»

«እኔ ምክር ሰጠሁ፤ የመረጡት እነሱ ናቸው።»

«ምክርሽ ቢከፋ አንቺ ተነሥተሽ ትሄጃለሽ። እነሱ በምን ይነሡ?»

ቀበሮ አፏን ጠርጋ ሄደች። እንዲህ ያለ ነውር በየት አገር ይታያል!

ግን በዚህ አላበቃችም። በዓመቱ ባሕሩ ሲሞላ አዳዲስ ጨቅሎች መጡ፤ ቀበሮም ከዚያው ቦታዋ ጠበቀቻቸው። «ልጆቼ፣ ወጋችሁ ወገን ያለበትን መፈለግ አይደል? ዳስሱት፤ ዘመዶቻችሁ ሞልተውበታል!» የበላቻቸውን ምስክር አድርጋ ጠራች። ጨቅሎቹ ዳሰሱ፤ የተበሉት ቅርፊት ከአለቱ እንደተጣበቀ ቀርቷልና፣ እውነትም የዘመድ ምልክት ነው። ግንባራቸውን ሊያስጠጉ ሆነ።

ዛጎሊት ደጇን ከፍታ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች፦ «ደጃቸውን አንኳኩ! ሞልተውበታል ካለች፣ አንኳኩና ማን እንደሚከፍትላችሁ እዩ!»

ጨቅሎቹ አንኳኩ። መቶውንም ደጅ አንኳኩ። አንድም የከፈተ የለም።

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «እመት ቀበሮ፣ ምን ያንኳኳሉ? አምና በልተናቸው የለም እንዴ?»

ጨቅሎቹ ሌላ ቃል አልጠበቁም፤ ተከታትለው ወደ ዛጎሊት ስንጥቅ ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ አብሮን የማይኖር ሰው መኖሪያ ሲመርጥልን፣ ከእኛ በፊት እዚያ ያስቀመጣቸው ሰዎች ዛሬ በሕይወት እንዳሉ ደጃቸውን አንኳኩተን ማረጋገጥ እንዳለብን ነው።