ከሰማይ ውኃ የለመነችው ሽምብራ

ተረቴ ከላይ ይነሣል፤ ሰሚ ካገኘ ወደ ምድር ይወርዳል።

ባሌ አስረስ የሠራው ሣጥን በሰማይ ምድርን ይዞራል። ውስጡ አንዲት ሽምብራ አለች፤ እዚያ ትበቅል እንደሆነ ልትታይ የተላከች። ምድር ላይ ተዘፍዝፋ ነፍስ ዘርታለችና ዛሬ ካልጠጣች ደርቃ ትሞታለች።

«መርፌዬ፣ አንድ ጠብታ ውኃ ስጪኝ።»

«ክንዱ ሳይገፋኝ ከየት አባቴ ላምጣ!» አለች ውኃ የያዘችው መርፌ።

ሽምብራ ወደ ሣጥኑ የብረት ክንድ ዞረች። «ጋሼ ክንዱ፣ መርፌ አላጠጣም አለችኝ። ይግፉልኝ!»

«አንጎሉ ሳያዘኝ አልነቃነቅም» አለ ክንዱ።

አንጎሉ የሣጥኑ ኮምፒውተር ነው። «ክንዱ መርፌን አልገፋ፣ መርፌ እኔን አላጠጣ፣ ልሞት ነው! እዘዝልኝ!» አለችው።

«ሮኬቱ ሲነሣ ተንገጫግጬ ደንግጫለሁ። ከምድር ሳይፈቀድልኝ ማንንም አላዝም» አለ አንጎሉ።

ምድር ላይ ሣጥኑን የምትጠብቀው ማህደር ይህን ሰምታ ወደ መፍቀጃው መሣሪያ ሮጠች። «አንጎሉ ክንዱን አላዝ፣ ክንዱ መርፌን አልገፋ፣ መርፌ ሽምብራን አላጠጣ አለች። ቶሎ ፍቀድ!»

«የአስረስን የጣት አሻራ አምጪ» አለ መሣሪያው።

ማህደር እጇን በራሷ ላይ ጫነች። አስረስን ትናንት ቀብረነዋል።

«እንግዲያስ ሁለተኛውን አሻራ» አለና የባለ አሻራውን ስም አሳያት።

እኔ ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። ማህደር መሣሪያውን ታቅፋ እያለከለከች ገባች።

«እትዬ ስንዱ! መሣሪያው ለአንጎሉ አልፈቅድም፣ አንጎሉ ክንዱን አላዝም፣ ክንዱ መርፌን አልገፋም፣ መርፌ ሽምብራን አላጠጣም አለች። ሁለተኛው አሻራ የእርስዎ ነው!»

ክው አልሁ። አስረስ አንድ ቀን «ጣትሽን ስጪኝ፣ ዕቃዬን ልሞክርበት» ብሎኝ ነበር፤ ለጨዋታ መስሎኝ ሰጠሁት።

«የእኔ ጣት ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?»

አማቴ እማማ ደብሪቱ ተቆጡ። «ሰልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ በዕቃ ትጫወት? ጉድ እኮ ነው!»

«እማማ፣ ሽምብራዋ ልጅዎ የዘራት እኮ ናት!» አለች ማህደር።

«የእኔ ልጅ?» አሉ አማቴ። ከዚያ እጄን አፈፍ አደረጉ። «ታዲያ ምን ታፈጥጫለሽ? ጫኚው!»

ጫንሁት። መሣሪያው ፈቀደ፣ አንጎሉ አዘዘ፣ ክንዱ ገፋ፣ መርፌ አጠጣች፣ ሽምብራ ጠጣች!

ማህደር ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረች። የሽምብራዋ ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ ነጭ ሥር ብቅ አለ።

«እልልልል!» አሉ እማማ ደብሪቱ።

አልቃሽ ሁሉ ደንግጦ ወደ እርሳቸው ዞረ። በልቅሶ ድንኳን እልልታ! ያውም ከሟች እናት አፍ! አማቴም ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ እኔ እልልታውን ተቀብያቸው ነበር።