ቢጫው የጋሪ ጎማ

ጋሪ የገፋችሁ ቀረብ በሉ፤ ያልገፋችሁም ስሙኝ፣ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ መተኛታችሁ አይቀርም።

አመለወርቅና ሻሺቱ በአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አንድ ጋሪ የሚገፉ ሴቶች ነበሩ። እርጥቡን ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው፣ ባዶውን ከማድረቂያው ወደ ማጠቢያው፤ እንዲህ ሲሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። እርጥብ ብርድ ልብስ እንዴት እንደሚከብድ ያላነሳው አያውቀውም። ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ከጋሪው አራት የብረት ጎማዎች አንዱ ተሰነጠቀ። ጋሪው ዘመመ። ሻሺቱ እንዳይገለበጥ ብላ በጎኗ ደገፈችውና ወገቧ ቋ አለ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ጥርሷን ነክሳ። «ካወቁብኝ በማግስቱ ነው የሚያሰናብቱኝ።»

እውነቷን ነው። በዚያ ግቢ ወገቡን ታሞ ሥራው ላይ የከረመ ሰው የለም። ሻሺቱ ደግሞ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ስለዚህ ሻሺቱ እጇን ጋሪው ላይ እያሳረፈች የምትገፋ መሰለች፣ አመለወርቅ የሁለቱን ገፋች። ነገር ግን በተሰነጠቀ ጎማ ስንት ቀን ይዘለቃል? አመለወርቅ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። አንድ ጎማ።

መካኒኩ ኤፍሬም ዘንድ ሄደች። «ኤፍሬሜ፣ ጎማውን ቀይርልኝ። ጎማው ካልተቀየረ ጋሪው አይሮጥም። ጋሪው ካልሮጠ…» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

«እትዬ አመለ፣ እኔ ያለኝ መፍቻ ነው። ጎማ ይዘሽ ነይ፣ በአምስት ደቂቃ እገጥምልሻለሁ።»

ወደ ንብረት ክፍሏ ወደ ወይዘሮ ጥሩአየር ሄደች። «እትዬ፣ ጎማ ስጡኝ። ጎማ ካልሰጡኝ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም። ጋሪው ካልሮጠ…»

«ጎማማ ሞልቷል!» አሉና ሦስት ዓይነት ከመደርደሪያው አወረዱ። ጥቁር ላስቲክ፣ ነጭ ናይሎን፣ አንድ ደግሞ ማር የመሰለ ቢጫ። ቢጫውን ፖሊዩሬቴን ይሉታል፤ አፍ ስለሚያስቸግር እኛ ቢጫው እንበለው። አመለወርቅ በጥፍሯ ጫን አደረገችው፣ አልተጎዳም። ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችው፣ ድምፅ የለውም። እጇ ሊለቀው አልፈለገም። ወይዘሮ ጥሩአየር ግን ቀስ ብለው ተቀበሏትና መልሰው ሰቀሉት። «የአለቃሽ ፊርማ የታለ?»

ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ፈለቀ ሄደች። «ይፈርሙልኝ። እርስዎ ካልፈረሙ ጎማው አይወጣም። ጎማው ካልወጣ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም። ጋሪው ካልሮጠ…»

«ካልሮጠ ምን?» አሉ አቶ ፈለቀ ቀና ብለው።

«ምንም።»

«የትኛውን ጎማ ብዬ ነው የምፈርመው? ሦስት ዓይነት አለ እየተባለ! ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ ይምረጥ።»

ኢንጂነሩ ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ሥራ አይሠራም እንጂ ክፋት የለበትም። «ይምረጡልኝ» አለችው። «እርስዎ ካልመረጡ አለቃዬ አይፈርሙም። እሳቸው ካልፈረሙ ጎማው አይወጣም። ጎማው ካልወጣ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም።»

«ጭነቱ ስንት ኪሎ ነው? ወለሉ ምን ዓይነት ነው? ዘይት ይነካዋል?»

«ጌታዬ፣ እኔ ልንገርዎት። ብረቱ ወለሉን እየቆረሰ ነው የጨረሰን። ላስቲኩ ከማሽኑ ዘይት ጋር ሲገናኝ ያብጣል፣ ጭነት ሲበዛበትም ይተኛል። ናይሎኑ እርጥብ ላይ ያንሸራትታል። ቢጫው ነው የሚሆነው።»

ኢንጂነሩ ከልቡ ተገረመ። ግን አልጻፈውም። «ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ቢሆንም ጎማ የሚመረጠው በወለል ነው። ወለሉ ተቦርቡሯል፤ መጀመሪያ ይደፈንና እመርጣለሁ።»

ግንበኛው ጋሽ ሙሉነህ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ጋሽ ሙሉ፣ ወለሉን ይድፈኑልኝ። ወለሉ ካልተደፈነ ኢንጂነሩ አይመርጥም። እሱ ካልመረጠ አለቃዬ አይፈርሙም። እሳቸው ካልፈረሙ ጎማው አይወጣም። ጎማው ካልወጣ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም።»

«ልጄ፣ ሲሚንቶ ሦስት ቀን ሳይረገጥ መድረቅ አለበት። ጋሪሽ ከላዩ ላይ እየተመላለሰ ምኑን ልድፈነው? ጋሪው ይቁምና እደፍናለሁ።»

ሻሺቱ በዚህን ጊዜ ጎንበስ ማለት አቅቷት ጫማዋን የምታስርላት አመለወርቅ ነበረች። ደግሞ ተነሣች፣ ወደ ማድረቂያው ሹም ሄደች። «ጋሪው ሦስት ቀን ይቁምልኝ። ጋሪው ካልቆመ ወለሉ አይደፈንም። ወለሉ ካልተደፈነ ኢንጂነሩ አይመርጥም። እሱ ካልመረጠ አለቃዬ አይፈርሙም። እሳቸው ካልፈረሙ ጎማው አይወጣም። ጎማው ካልወጣ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም።»

ሹሙ ጮኸባት። «ሦስት ቀን? አብደሻል? የተቆለለው ብርድ ልብስ ሳያልቅ ጋሪ አይቆምም!»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አንቺ ስትሮጪ ነዋ!»

እዚህ ላይ አመለወርቅ ቆም ብላ አሰበች። ብርድ ልብሱ ካላለቀ ጋሪው አይቆምም። ጋሪው ካልቆመ ወለሉ አይደፈንም። ወለሉ ካልተደፈነ ኢንጂነሩ አይመርጥም። እሱ ካልመረጠ አለቃው አይፈርሙም። እሳቸው ካልፈረሙ ጎማው አይወጣም። ጎማው ካልወጣ መካኒኩ አይገጥምም። መካኒኩ ካልገጠመ ጋሪው አይሮጥም። ጋሪው ካልሮጠ ብርድ ልብሱ አያልቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትዞር ከርማ የደረሰችው እዚያው የራሷ ጋሪ ዘንድ ነው! ደሟ ፈላ። እርጥብ የጫነውን ጋሪ እየጎተተች ወስዳ የማድረቂያው በር መሐል ላይ አቆመችው። ሻሺቱን ከጎኗ አስቀመጠቻት፣ እሷም ተቀመጠች።

«ይኸው ቆመ» አለች።

ጋሪው ሲቆም ማድረቂያው ባዶውን ዞረ። ማድረቂያው ባዶውን ሲዞር ሹሙ ግንበኛው ላይ ጮኸ። ሹሙ ሲጮህ ግንበኛው «ወለሉ ጎማውን ምንም አይለውም!» ብለው ማሉ። ግንበኛው ሲምሉ ኢንጂነሩ ቢጫውን መረጠ። ያውም ከብረት ጋር ከተቀላቀለ ጋሪው ያነክሳል ብሎ አራቱም ይቀየሩ አለ። ኢንጂነሩ ሲመርጥ አቶ ፈለቀ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። እሳቸው ሲፈርሙ ወይዘሮ ጥሩአየር መጋዘኑን ከፈቱ። ጎማው ሲወጣ መካኒኩ ገጠመ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉ ነገር አለቀ። ወለሉን የደፈነው የለም፣ እስከ ዛሬም እንደተቦረቦረ ነው።

ጋሪውስ? ጋሪው ሮጠ! ሻሺቱ ሙሉ ጭነቱን በአንድ እጇ ገፋችው፣ ሳይከብዳት ሄደላት። ደስታው ይዟት ማድረቂያው ድረስ ብቻዋን ወስዳ ብቻዋን መለሰችው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አየ፣ ኤፍሬም አጨበጨበ። አቶ ፈለቀም ቆመው አዩ።

«ኧረ ይሄንንስ አንድ ሰውም ይገፋዋል» አሉ።

ዓርብ ዕለት ለሻሺቱ የስንብት ደብዳቤ ወጣላት። ምክንያቱ አጭር ነበር፤ ለጋሪው አንድ ሰው በቂ ሆኖ ተገኝቷል። በቅጥር ከአመለወርቅ የምታንሰው እሷ ነበረች፣ በሰባት ወር።

አመለወርቅ ማን እንዳሰናበታት ልትጠይቅ ሮጠች። አቶ ፈለቀ «ጋሪው በአንድ ሰው ይገፋል ብሎ የጻፈው ኢንጂነሩ ነው» አሉ። ኢንጂነሩ አንገቱን ደፍቶ «የጻፍኩት ጋሪው ሲሮጥ አይቼ ነው» አለ። ጋሪው የሮጠው መካኒኩ ስለገጠመ ነው። መካኒኩ የገጠመው ጎማው ስለወጣ ነው። ጎማው የወጣው አለቃው ስለፈረሙ ነው። አለቃው የፈረሙት ቢጫው ስለተመረጠ ነው። ቢጫው የተመረጠው ጋሪው ስለቆመ ነው። ጋሪውን ያቆመው ማን እንደሆነ አመለወርቅን የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

ሻሺቱን እስከ በሩ ሸኘቻት። «ይቅር በይኝ» ልትል ስትጀምር ሻሺቱ አላስጨረሰቻትም። ወገቧን በእጇ ደግፋ፣ የጥበቃው ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ዋናው ነገር፣ ወገቤን አላወቁብኝም» አለቻት።