በሰላምታ ያለቀው ፍሪሲዮን

በአንድ ወቅት፣ ሜዳ በጠፋባት አንዲት የወሎ ከተማ፣ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሹፌር ነበሩ። ከተማዋ አቀበት ላይ ነው የተሠራችው። ከታችኛው ገበያ እስከ ላይኛው መስጊድ መንገዱ አንድ ነው፤ እሱም ሽቅብ ነው። ደልዳላ ቦታ የሚገኘው ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ብቻ ሲሆን፣ እሱንም አህዮች ይዘውታል።

ጋሽ ይመር በዚህ መንገድ ላይ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ፒክአፕ ነድተዋል። ሰውም፣ ቅቤም፣ በግም በእሷ ይወጣል፤ በእሷ ይወርዳል። በኋላ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ለጊዜው ደብቀው ነበር። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመ አህያ ሰው መስሏቸው፣ «እንዴት ዋልክ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ብለው መልስ ሲጠብቁ ከተማው ሁሉ አየ። በዚያው ቀን «መንዳት በቃኝ» ብለው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ሦስት ልጆች አሏቸው፤ እንድሪስ፣ ዘምዘምና አወል። ሦስቱም መንጃ ፈቃድ ካወጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ለማጆች ናቸው። ሦስቱም ቁልፉን ፈለጉ። ቢፈልጉም አይፈረድባቸውም፤ ያን ቁልፍ የያዘ አገሩ ላይ ሥራ አገኘ፣ ከእናት ከአባቱ ጋር ኖረ ማለት ነው። ያላገኘ ሻንጣውን አንስቶ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል።

ጋሽ ይመር አሰቡና፣ «ለማጅ የሚታወቀው በፍሪሲዮኑ ነው» አሉ። «አዲስ ሸራ ይገባላታል። በየተራ ንዱና እንያችሁ።»

መኪና ነድቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይህ ነው። ፍሪሲዮን የግራ እግር ጉዳይ ነው። ሲረግጡት ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ሲለቁት ይያያዛሉ። ረገጥም ለቀቅም አድርገው መሃል ላይ ካቆዩት ግን ሁለቱን የሚያያይዘው ሸራ እየተፋተገ ያልቃል። ደህና እግር ያገኘ ሸራ ዓመት ከዓመት ያገለግላል፤ የለማጅ እግር ላይ የወደቀ በጥቂት ወር ይሰናበታል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ!

የዚያች ከተማ ሸራ ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፤ ሰላምታ። ሰውን በመስኮት እጅ አውለብልቦ ማለፍ እዚያ ነውር ነው፤ ይቆማል፣ ከነቤተሰቡ ከነከብቱ ይጠየቃል። ታዲያ አቀበት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት የእጅ ፍሬን ይሳባላ፣ ትሉ ይሆናል። አይሳብም! እዚያ አገር ሰው ደጅ ላይ የእጅ ፍሬን መሳብ «ልወርድ ነው፣ ምሳ አቅርቡ» ማለት ነው። ድምፁ ከተሰማ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ይጎትትሃል፤ አልገባም ካልክ ተቀየመ። ስለዚህ ሹፌሩ ሁሉ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ይዞ፣ ጥያቄውን ጠይቆ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ጋሽ ይመርም ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ተራ የታላቁ፣ የእንድሪስ ሆነ። እንድሪስ የተማረውን የማይረሳ ልጅ ነው። ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይረግጣል፤ ከቀየረ በኋላ እግሩን ከመርገጫው ጭርሱን ያነሳል። አቀበት ላይ አልቆምም አለ። «መሳፈር የፈለገ ወፍጮ ቤቱ ሜዳ ላይ ይጠብቀኝ፤ በሰዓቱ እደርሳለሁ» ብሎ አስነገረ። እውነትም በሰዓቱ ይደርስ ነበር። አስተማሪዎች ደወል ሳይደወል ገቡ፣ ነጋዴውም ገበያው ሳይሞቅ ደረሰ። ሽማግሌ ሲያይ ክላክስ አድርጎ ያልፋል። «የይመር ልጅ ኮራ» ተባለ። እማማ ከድጃ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ደጃቸው መውጣት ሲያቅታቸው ገበያ ቀሩ።

ተራው ሲያበቃ መካኒኩ ፈንታው መርገጫውን ረግጦ፣ መኪናዋን አቀበት ላይ ሞክሮ ሳቀ። «ይሄ ሸራ ገና ሙሽራ ነው» አለ።

ሁለተኛው ተራ የዘምዘም ነበር። ዘምዘም የአባቷ ልጅ ናት፤ ያለፈችው ደጅ አልነበረም። አቀበቱ ላይ መኪናዋን አንጠልጥላ ትይዝና፣ «እንዴት አደራችሁ? ላሟ ወለደች? ልጁ ደብዳቤ ጻፈ?» ትላለች። ጋቢናውና ኋላው ሰው ሞልቶ፣ ሳቅና ጨዋታው ከታች ሰፈር ይሰማል። እማማ ከድጃን ከደጃቸው ታነሳለች፣ ደጃቸው ትመልሳለች። አንዳንዴ የሚቃጠል ነገር ይሸታታል፤ እሷ ግን ከሰው ግቢ ነው እያለች ታልፋለች።

አንድ ጠዋት እማማ ከድጃ ደጃቸው ላይ አልነበሩም። ዘምዘም ጠራች፣ መልስ የለም። የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ገባች። አሮጊቷ በትኩሳት ተይዘው አልጋቸው ላይ ራሳቸውን ስተዋል። አዝላ አውጥታ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። ሐኪሙ፣ «እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አለ። በየቀኑ የማይቆም ሹፌር መቅረታቸውን በምን ያውቅ ነበር?

ተራዋ ሲያበቃ ፈንታው መርገጫውን ረግጦ ራሱን ነቀነቀ። «ሸምግሏል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ከእንግዲህ ጭነት አይችልም» አለ። አዲስ ሸራ ከደሴ ታዘዘ።

ሸራው ሳይመጣ ተራው የትንሹ፣ የአወል ሆነ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የዓይን ሐኪሞች ቆላ ወዳለችው ከተማ መጡ፤ የጋሽ ይመር ቀጠሮ ደረሰ። ሐኪሞቹ ሲሄዱ በዓመታቸው ነው የሚመለሱት፤ በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አይሠራም። አወል የፈንታውን ቃል ሰምቷል። ለአባቱ ግን አልነገረም። ቢነግራቸው «ይቅርብኝ» እንደሚሉ ያውቃል።

«አባ፣ ይነሱ፣ እንሂድ» አለ።

«መኪናዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አብሽሩ፤ አይስጉ።»

ቁልቁለቱን በሰላም ወረዱ። ሞራው ተገፈፈ፣ ዓይናቸው በፋሻ ታሰረ። ሲመለሱ ግን የከተማዋ አቀበት ሥር ሸራው መንሸራተት ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ቆማለች። ሌላው ለማጅ ቢሆን ነዳጅ ጨምሮ ጨምሮ እዚያው ያቃጥለው ነበር። አወል ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ ድንጋይ ጎማው ሥር አደረገና ሸራው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ መኪናዋን አዞረ። የኋላ ማርሽ ከአንደኛም ይበልጥ ጉልበት እንዳለው ሰምቶ ነበርና፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ቆልምሞ፣ ከታችኛው ገበያ ጀምሮ የኋሊት ሽቅብ ወጣ።

ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። «ይመር! ጀርባህን ሰጥተኸን ነው የምትገባው?» እያሉ ሳቁ። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ታስሮ ምን እንደሚሳቅ አልገባቸውም።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ።

«ሲያዩዎ ደስ ብሏቸው ነው፣ አባ።»

ፒክአፗ የራሳቸው ግቢ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ሸራው ለመጨረሻ ጊዜ ሸተተና በቃው። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም።

ፋሻው የተፈታ ቀን ጋሽ ይመር መጀመሪያ ያዩት ሦስቱን ልጆቻቸውን ነበር። አለቀሱ፤ ደስታ ነው። ሐኪሙ «ያያሉ፣ መንዳት ግን ይብቃዎት» ብሏቸዋል። አዲሱ ሸራ መጥቶ ፈንታው ገጠመው። የገበያ ቀን ጠዋት ልጆቹ፣ እናታቸው፣ ጎረቤቱ፣ እማማ ከድጃም ሳይቀሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ።

እንድሪስ፣ «በእኔ እግር ሸራው አላረጀም። መኪና የሌለው ሹፌር ማንን ያደርሳል? አወልን መንገድ ላይ ያስቆመው የእኔ አነዳድ አይደለም» አለ።

ዘምዘም፣ «ሸራ የሚገዛው እንዲያልቅ ነው። እኔ በሰው ላይ ጨረስኩት። ሸራ ከደሴ ይመጣል፤ እማማ ከድጃ ከየት ይመጡ ነበር?» አለች።

አወል፣ «ሁለታችሁም ደህናዋን ነዳችሁ። እኔ የሞተችውን ተረክቤ አባቴን ቤቱ አስገባሁ» አለ።

ለሦስቱም መልስ ሰጪ አልጠፋም። እማማ ከድጃ እንድሪስን፣ «እኔ በእግሬ ስወጣ ሸራህ ተረፈ፣ ጉልበቴ ግን አለቀ» አሉት። ፈንታው ዘምዘምን፣ «ሽታውን ስትሰሚ አንድ ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት። እናታቸው አወልን፣ «ዓይኑ የታሰረ አባትህን፣ ሸራዋ ማለቁን እያወቅህ፣ ገደል ለገደል! ድንጋዩ ባይይዝ ኖሮስ?» አሉት። አወልም፣ «ብንቀር ኖሮ አባ ዛሬ ያዩሽ ነበር?» አላቸው።

ጋሽ ይመር ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ሦስቱን ደጋግመው አዩ። ለእንድሪስ ቢሰጡ መኪናዋ ዕድሜ ታገኛለች፣ ቤቱም አይቸገርም፤ ሰው ግን በእግሩ ይወጣል። ለዘምዘም ቢሰጡ የማይጠየቅ ደጅ አይኖርም፤ መኪናዋ ግን ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ትቀራለች? ለአወል ቢሰጡ በክፉ ቀን አይጨነቁም፤ ክፉ ቀን መምጣቱን ግን አይነግራቸውም። እኔ ራሴ ይህን ስናገር በየጊዜው ሐሳቤ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ለአንዱ የፈረድኩትን ነገ ለሌላው እፈርዳለሁ።

ውጭ ሰው ቅቤውን ተሸክሞ መሳፈሪያ ይጠብቃል። ከሦስቱ ሁለቱ ሻንጣቸውን ማንሳታቸው አይቀርም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የጋሽ ይመር ቁልፍ የሚገባው ለማን ነው?